የአሶሳ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም

ስለ ቅርጫት ኳስ ምንም ባታውቁ ግድ የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ሜዳ የሚገቡት አምስት ናቸው፣ የቀሩት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አሰልጣኝ የተባለው ሰው እየተነሳ እየተቀመጠ አንዷን አስወጥቶ ሌላዋን ያስገባል። ማን ትጀምር? ማን ትጠብቅ? ማን በማን፣ መቼ ትቀየር? ሥራው ይኸው ነው። እኔን ያን ቀን በቁሜ ሊያደርቀኝ የነበረውም ይኸው ነው።

ዘውዲቱ እባላለሁ። አሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ተወለድኩ፤ እናትና አባቴ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ያኔ የከተማችን ሴቶች ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነበርኩ። ምክትል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኳስ የምነፋ፣ ማሊያ የማሳጥብ፣ ልጆቹ ሲኳረፉ የማስታርቅ ሰው ማለት ነው። ተጫዋች እያለሁም ዕድሜዬን የፈጀሁት ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ። ንዴቴ እንደ ክብሪት ነው ይላሉ የሚያውቁኝ፤ ቦግ ይልና ይጠፋል፣ እስኪጠፋ ግን አጠገቤ ባትቆሙ ይሻላል።

የጨዋታው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የዋናው አሰልጣኛችን የጋሽ መኮንን ሚስት ናት።

«ዘውዴ፣ ቶሎ ድረሽልኝ። ወባው ተነስቶበት ክሊኒክ አስተኝተውታል። አንቺን አምጡልኝ እያለ ነው።»

ስደርስ ጋሽ መኮንን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። በአሶሳ የመጋቢት ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ! ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከትራሱ ሥር አንድ ፌስታል ጎትቶ እጄ ላይ ጣለው። የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። ይህን ፌስታል የማያውቅ የቡድናችን ልጅ የለም፤ ጋሽ መኮንን አሰላለፍ የሚያወጣው መሬት ላይ ቆርኪ ደርድሮ ነው። ለእያንዳንዷ ልጅ የራሷ ቆርኪ አላት።

«ዛሬ አንቺ ደርድሪው» አለኝ።

«ኧረ በናትህ ጋሼ! እኔ ማን ነኝና?»

«ወንበር ላይ እንዳንቺ የተቀመጠ የለም። ከዚያ ሆነሽ ስታዪ አይደል የኖርሽው? በይ ሂጂ።»

ሌላ ልጠይቀው ስል ነርሷ መጥታ አስወጣችኝ።

ያ ጨዋታ የዓመቱ መጨረሻ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣውን ቡድን ካሸነፍን በሊጉ እንቆያለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ ቡድኑ እንደሚፈርስ ቁርጡ ተነግሮናል። ለእኛ ልጆች ይህ ቡድን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በደመወዟ ታናናሾቿን የምታስተምር አለች፣ እናቷን የምታሳክም አለች። ያን ቀን ከተሸነፍን ሁሉም በየቤቷ መበተኗ ነው።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ረመዳን ነው። ሁዳዴም ገብቷል፤ ክርስቲያኖቹ ልጆች ሽሮ በልተው ነው የሚሮጡት። እነሱስ ቢያንስ ውሃ ይጠጣሉ። ጭንቀቴ ኢንቲሳር ናት።

ኢንቲሳር ረጅሟ ተጫዋቻችን ናት። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ እዚሁ አሶሳ ያደገች። ቅርጫቱ ሥር ከቆመች በዚያ በኩል ኳስ የሚያልፍ አይምሰላችሁ። ታዲያ በፊተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ ጾሟን እያለች ተዝለፍልፋ ወደቀችብን። ሐኪሙ ያኔ አልቀለደም። «ካፈጠረች በኋላ እንደልቧ ትጫወት። ውሃ ሳትጠጣ ብታሯሩጧት ግን በሚቀጥለው እኔ ጋ የምትደርስ እንዳይመስላችሁ» አለን። ይህን የሰማነው እኔና የቡድን መሪያችን አቶ ደሳለኝ ጎን ለጎን ቆመን ነው።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ሜዳ ሄድኩ። ማንጎው ጥላ ሥር ተንበርክኬ ቆርኪዎቹን ደረደርኩ፤ አምስት ፊት፣ የቀሩት ኋላ። ብርቱካናማው ቆርኪ የኢንቲሳር ነው። ኋላ አስቀመጥኩት። ወዲያው አንድ እጅ ከላዬ መጣና ብርቱካናማውን አንስቶ ፊት አደረገው። ቀና ስል አቶ ደሳለኝ ናቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አሰላለፍ።»

«ኢንቲሳር የሌለችበት አሰላለፍ?»

«ጾመኛ ናት፣ አቶ ደሳለኝ። ሐኪሙ ያለውን አብረን ነው የሰማነው።»

«አንድ ቀን ምናለበት! ዛሬ ትብላና በኋላ በሌላ ቀን ጾማ ቀዷውን ታውጣ።»

ቆርኪውን አነሳሁና ኋላ መለስኩት። እሳቸው ፊት። እኔ ኋላ። እሳቸው ፊት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ቆርኪ ስንጓተት ያየን ጸበል ውሰዷቸው ይል ነበር።

«አቶ ደሳለኝ» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ኢንቲሳር ናት፣ የእናቷን ዘንቢል አንጠልጥላ። «እኔ ጾም አልፈታም። ጾም የእኔ ነው፣ ኳስም የእኔ ነው። ሁለቱም እሠራለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ኮች፣ አንተ ብቻ ንገረኝ። መቼ ነው የምገባው?»

ስሜቷ ሲነሳ አማርኛዋ ወንድ ያደርገኛል። የእኔን በርታኛ ብትሰሙት በእሷ አትስቁም።

ጨዋታው በሙቀቱ ምክንያት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚጀመረው። «አቶ ደሳለኝ፣ ዛሬ መግሪብ፣ ማፍጠሪያው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አልኳቸው። ስልካቸውን አወጡ። ቡድናችን ውስጥ ጾመኛ ስላለ የአዛን ሰዓት የሚነግር ነገር ጭነውበታል። «አሥራ ሁለት ተኩል አለፍ ሲል» አሉ። ጨዋታው አራት ሩብ ነው፤ በጣቴ ቆጠርኩ። አንዱ ሩብ፣ ሌላው ሩብ፣ ዕረፍት፣ ሦስተኛው ሩብ። መግሪብ አራተኛው ሩብ ልክ እንደተጀመረ ይወድቃል! ደስ አለኝ። ሦስቱን ሩብ አጫጭሮቹን ልጆች ቶሎ ቶሎ እየቀያየርኩ አሯሩጣለሁ፤ የአዲስ አበባዎቹ ጉልበት ሲያልቅ ውሃ የጠጣች፣ ያረፈች ኢንቲሳር ትገባባቸዋለች።

«አራተኛው ሩብ ላይ አፍጥረሽ ትገቢያለሽ» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» አለችና ዘንቢሏን ይዛ ሄደች።

አቶ ደሳለኝ ሱሪያቸውን አራግፈው ተነሱ። «ስሚ፣ ከተሸነፍን ቡድኑን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ። ይህን እወቂ።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ብርቱካናማውን ቆርኪ ኋላ መለስኩት።

ከእናንተ መካከል ስህተቴን ካሁኑ ያገኘ ካለ ከእኔ ይሻላል። እኔ አላየሁትም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ስንት ረመዳን አፍጥሬ አድጌያለሁ፤ ግን መስጊዱ ሲጣራ እጄን ታጥቤ ቀረብኩ እንጂ ሰዓት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሜዳችን ጣሪያ የለውም፤ ሲሚንቶ ነው፣ ዙሪያውን ግንብ አለው። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግንቡ ላይ ሰው እንደ ወፍ ሰፍሯል። የበርታ ሽማግሌዎች ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የመንደር ልጆች በሞተር ተጭነው፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። አምስቱን ጠርቼ ሳስገባ ኢንቲሳር ወንበር ላይ መቅረቷን ያየው ሕዝብ አጉረመረመ። «ምን ነክቷታል ይቺ ሴትዮ?» የሚለውን በደንብ ሰማሁት። ስሜን እንኳ አያውቁትም።

ተጋጣሚያችን የምትፈራ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ አምበላቸው ፈቲያ። ስታሟሙቅ ሁሉም ውሃ ሲጠጡ እሷ አፏን እንኳ አልተጉመጠመጠችም።

«ኮች፣ ያቺ ልጅም ጾመኛ ነው» አለችኝ ኢንቲሳር።

«ይሻለናል፣ ትደክማለች» አልኩ። አሰልጣኟ ግን ለደቂቃ እንኳ ሊያሳርፋት የፈለገ አይመስልም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሩቦች አላበዛባችሁም። አመለጡን፣ ደረስንባቸው፣ አመለጡን፣ ደረስንባቸው። ኢንቲሳርን ተክታ ቅርጫቱ ሥር የምትቆመው ሰናይት ነበረች፤ ከእሷ የሚረዝሙትን ለማቆም ስትል ፋውል በፋውል ሆነች። እኔ አሥር ጊዜ እነሳለሁ፣ አሥር ጊዜ እቀመጣለሁ። አንዷን አስወጣለሁ፣ ሌላዋን አስገባለሁ። ከወንበሩ ጫፍ ጫልቱ አለች፤ ከባምባሲ የመጣች፣ ዓመቱን ሙሉ የላይኛውን ትጥቋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ የምታጨበጭብ ልጅ። በተነሳሁ ቁጥር ቀና ትላለች፣ ሌላ ስጠራ መልሳ ጉልበቷን ታያለች። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት የእኔ ነበር።

አራተኛው ሩብ ተጀመረ። ነጥቡ እኩል በሆነበት ሰዓት ሰናይት አምስተኛ ፋውሏን ሠርታ ወጣች፤ አምስት ከሞላ መመለስ የለም። ታይም አውት፣ ማለትም አጭር ዕረፍት፣ ጠየቅኩ። ልጆቹ ከበቡኝ። ልክ ያኔ ከአቶ ደሳለኝ ኪስ ስልካቸው «አላሁ አክበር!» ብሎ ተጣራ። ከአዲስ አበባዎቹ ወንበር ደግሞ ሌላ ስልክ ተቀበለው።

«ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። «ኢንቲሳር፣ አፍጥሪ! ቶሎ!»

ዘንቢሉን ከፈተች። ተምር አለ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የከርከዴ አበባ መጠጥ አለ። ተምሩን አንስታ አፏ አጠገብ አደረሰችው። ቆመች። አንገቷን አዙራ ከግንቡ በላይ ወደ ምዕራብ አየች። እኔም አየሁ። ፀሐይዋ ከቀርከሃው ጫካ በላይ ቀይ ሆና ቁጭ ብላለች። የትም አልሄደችም።

«ኮች፣ ፀሐይ አለ» አለች።

«አዛን ብሏል እኮ!»

«ይሄ አዛን የአዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ቀድሞ ይመሻል። እኛ ጋ ገና ነው።» ተምሩን ዘንቢሉ ውስጥ መለሰችው። «መስጊድ ዝም ብሏል፣ አይሰማህም?»

ዝም ብሏል። ወይ እኔ! ፀሐይ ከምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ እንደምትጠልቅ አንደኛ ክፍል ነው የተማርኩት። አሶሳ የአገሩ ምዕራብ ጥግ ናት፤ ፀሐይዋ አዲስ አበባን ተሰናብታ እኛ ጋ ሩብ ሰዓት ያህል ትቆያለች። የአቶ ደሳለኝ ስልክ አዲስ አበባ ተገዝቶ በአዲስ አበባ ሰዓት የተሞላ ነው። እኔ ደግሞ የአንድ ከተማ ልጆችን እንጀራ በሌላ ከተማ ሰዓት ደርድሬዋለሁ!

«ጠጪ!» አሉ አቶ ደሳለኝ። «ተጣርቷል፣ ስልኩ ተጣርቷል! ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!»

አልዋሻችሁም፤ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ብጮህባት ምናልባት ትጠጣ ነበር። ታከብረኛለች። ይህን ሳስብ እሷ የላይኛውን ትጥቋን አወለቀች።

«ሳልጠጣ ልግባ። እችላለሁ።»

ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ጭንቅላቴ ውስጥ የሐኪሙ ቃል ጮኸ።

«ቁጭ በይ!» አልኳት። «ዛሬ ወድቀሽ የማነሳሽ ሰው አይደለሁም! ቁጭ!»

አልተቀመጠችም። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ፈቲያ ወንበሯ ላይ ተዘርግታ የውሃ ጠርሙስ ክዳን እየፈታች ነው። ኢንቲሳር ዘላ ሮጠች። በዳኞቹ ጠረጴዛ ፊት አልፋ፣ የእነሱ ወንበር ጋ ደርሳ የልጅቷን እጅ ለቀም!

«አትጠጪ! ገና ነው! ወላሂ ገና ነው!»

የሜዳው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። የእነሱ አሰልጣኝ በመካከላቸው ገባ። «ምን ዓይነት ተንኮል ነው ይሄ? ተጫዋቼን ውሃ ልትከለክዪ? ዳኛ! ዳኛ!»

ኢንቲሳር ጣቷን ወደ ምዕራብ ቀሰረች። ፈቲያ ጠርሙሱን አየች፣ ፀሐይዋን አየች፣ ኢንቲሳርን አየች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ወንበር ትቶ የተጋጣሚ ወንበር መሄድ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ አንድ ነጻ ውርወራ ነው። በእኩል ነጥብ፣ በመጨረሻው ሩብ! እንድትወረውር የተመረጠችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ራሷ ፈቲያ። ኳሷን ሁለቴ መሬት አነጠረች፣ ወረወረች፣ አገባች። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። በአንድ ነጥብ ተመራን።

ክብሪቴ ቦግ አለ። «አንቺ ልጅ!» አልኳት ስትመለስ። «የማን ተጫዋች ነሽ? ንገሪኝ፣ የማን ነሽ?»

«ኮች፣ ጾሟ ሊበላሽ ነበር» አለች። አልፈራችም፣ አልተቆጣችም። «ቀኑን ሙሉ ጾሟል። በአንድ ውሃ ይበላሽ?»

ቦግ ያለው ጠፋ። ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አንዴ ሰሌዳውን አየሁ፣ አንዴ ፀሐይዋን። ያኔ ነው የገባኝ። የጨዋታ ሰዓት ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ይቆማል። የፀሐይ ሰዓት ግን አይቆምም። ጨዋታውን ካቆየነው ሳያልቅ ፀሐይዋ ትጠልቃለች።

ወደ ወንበሩ ዞርኩ። «ሁላችሁም የላይኛውን ትጥቃችሁን አውልቁ! ሁላችሁም! ፊሽካ በተነፋ ቁጥር አንዷ ትወጣለች፣ አንዷ ትገባለች። ሜዳ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ነጥቡ እንዳይርቀን ኳሷን አትቸኩሉባት፤ ለመወርወር የተሰጣችሁን ጊዜ እስከ ጫፉ ብሉት። ጫልቱ!»

ልጅቷ ስሟን መስማቷን አላመነችም።

«ጫልቱ፣ አንቺን እኮ ነው! የሰናይትን ቦታ ያዢ። ቅርጫቱ ሥር ቁሚ፣ ቢገፉሽ አትነቃነቂ።»

«ቶሌ! እሺ ኮች» ብላ ማሊያዋን እያስተካከለች ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአሶሳ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ኳስ ከመስመር ወጣች፤ ቀየርኩ። ፋውል ተነፋ፤ ቀየርኩ። የገባችው ላብ ሳይወጣት መልሼ ቀየርኩ። የእነሱ አሰልጣኝ ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ። ዳኛው ደረቅ ከንፈሩን እየላሰ መጣ።

«አሰልጣኝ፣ ጨዋታ እያዘገየሽ ነው።»

«ተጫዋች መቀየር መብቴ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ፣ በጣም ጨዋ ሆኜ።

ሕዝቡም ነቃ። ግንቡ ላይ ካሉት ግማሹ ፊቱን ወደ ሜዳው፣ ግማሹ ወደ ቀርከሃው አዞረ። ታች የቆመው ወደ ላይ ይጮሃል፦ «የት ደረሰች?» ከላይ ይመልሳሉ፦ «ጫፏ ነክቷል!» እኛ አንድ ቅርጫት እናገባለን፣ እነሱ አንድ ይመልሳሉ። «የት ደረሰች?» «ግማሿ ገብታለች!» ጫልቱን አንዴ ገፏት፣ አንዴ ጣሏት። ተነስታ እዚያው ቦታ ቆመች። ያቺ ጉልበቷን ስታይ የነበረች ልጅ አሁን የምታየው ኳሷን ብቻ ነው።

ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ አሁንም በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ብርቱካን፣ ኳስ አቀባያችን፣ ለጫልቱ አቀበለቻት። ጫልቱ ዘለለች፣ ሁለቱ አብረው ላይዋ ወደቁ። ፊሽካ! ሁለት ነጻ ውርወራ። ዓመቱን ሙሉ ለቁም ነገር ኳስ ነክታ ለማታውቅ ልጅ ሁለት ውርወራ! አቶ ደሳለኝ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ «እመብርሃን» አልኩ፣ አጠገቤ ኢንቲሳር «ያ አላህ» አለች።

የመጀመሪያው ቀለበቱ ላይ ዞሮ ገባ። እኩል! ሕዝቡ ግንቡን ሊያፈርሰው ነበር። ሁለተኛውን ወረወረች። ቀለበቱን መታ፣ ተመልሶ ወጣ። ኳሷን ሲሻሙ ሰዓቱ አለቀ።

ጫልቱ እዚያው ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ እየዘለልኩ ሄጄ አቀፍኳት። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!»

አቶ ደሳለኝ ያበድኩ መስሏቸው ክንዴን ያዙኝ። «ዘውዲቱ፣ ሳተችው እኮ!»

«ብትስትስ! እኩል ነን እኮ! አምስት ደቂቃ ተጨመረልን!»

እውነቱን ለመናገር ብታገባው አልጠላም ነበር። ግን ከግንቡ ላይ አንዱ «ገባች! ጠለቀች!» ሲል ከዚያ የበለጠ ጣፋጭ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ከከተማው መሐል መስጊዱ ተጣራ። የእኛው መስጊድ፣ በእኛው ሰዓት። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ሰው ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ከጀለቢያቸው ኪስ ተምር ማውጣት ጀመሩ።

ኢንቲሳር ዘንቢሏን አንስታ ግን አልቀመሰችም። ወደ ዳኛው አየች፤ እንደገና እንዳትቀጣ ነው። ዳኛው በእጁ ሂጂ አላት። ወደ ፈቲያ ሄዳ ዘንቢሉን ዘረጋችላት። «አሁን ነው» አለቻት። ሁለቱ «ቢስሚላህ» ብለው አንድ አንድ ተምር አነሱ። ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና ቀረብ አለ።

«እኔንም አታስቀሩኝ» አለ። «ያንን ስልክ ሰምቼ እኔም ልሳሳት ነበር።»

ያ ቅጣት የሰጠን ሰውዬ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ዕንባዬም አብሮ መጣ። «ኢንቲሳር፣ ቀስ ብለሽ ጠጪ፣ አትጎርሺ፣ ቀስ!» እያልኩ ራሴው ከርከዴውን ያዝኩላት።

አምስቱ ደቂቃ ተጀመረ። ኢንቲሳር ያረፈ እግሯን ይዛ ቅርጫቱ ሥር ቆመች፣ ከጎኗ ጫልቱን አቆምኩላት። ፈቲያ ውሃ ብትጠጣም ሙሉ ጨዋታውን ያለ ዕረፍት ሮጣለች፤ በመጨረሻ ባቷ ታስሮ ስትወድቅ መጀመሪያ ደርሳ እግሯን የዘረጋችላት ኢንቲሳር ናት። በአራት ነጥብ አሸነፍን። ቡድኑ አልፈረሰም።

አቶ ደሳለኝ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ስልካቸውን እያገላበጡ «ይህን ነገር የሚያስተካክል ልጅ ፈልጊልኝ» አሉኝ። ይቅርታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

ክሊኒክ ስሄድ ጋሽ መኮንን ትኩሳቱ በርዶለት ቁጭ ብሏል። ውጤቱን ሰምቷል፤ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«ብርቱካናማውን የት አደረግሽው?»

«ኋላ።»

ፌስታሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳቀብለው በእጁ ወደ እኔ ገፋው። «ቆርኪዎቹን አትመልሺልኝ» አለኝ። ዛሬም እኔ ጋ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጋሽ መኮንን ታዳጊዎቹን ሊያሠለጥን ሄደ፣ ዋናው ቡድን ለእኔ ቀረ።

እንግዲህ ይህን ካነበባችሁ ምን ተለወጠብሽ ትሉኛላችሁ። ግልፍተኝነቴ አልተለወጠም፤ ልጆቹን ጠይቁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ መረሳት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ቡድኑን ያቆየው ወንበሩ ነው፤ የተቀመጡት ሁሉ ተነስተው እየገቡ እየወጡ ፀሐይዋን አስጠለቁልን። ሌላም አለ። አሁን ቆርኪ ከመደርደሬ በፊት ልጆቹን ሰብስቤ «ዛሬ ለእናንተ ምን ቀን ነው?» እላለሁ። የምትጾም፣ ያመማት፣ ቤቷ ለቅሶ ያለባት፣ ሁሉም ይነግሩኛል። ሰው የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ ቤትም ይሁን ቢሮ፣ ሞክሩት። ሰዓቱን ከሩቅ አገር ስልክ ሳይሆን ከራሱ ከሰውዬው ጠይቁ።

ኢንቲሳርና ፈቲያ እስከ ዛሬ ይደዋወላሉ። ረመዳን በገባ ቁጥር፣ አዲስ አበባ መግሪብ ሲል የኢንቲሳር ስልክ ላይ መልእክት ይገባል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ጠጣሁ። አንቺ አትጠጪ፣ ገና ነው።» ኢንቲሳር ታሳየኛለች፣ እንስቃለን። ከዚያ ተምሩን ፊታችን አስቀምጠን የእኛን መስጊድ እንጠብቃለን።